የዩጌት አርባ ግራም

ዩጌት ኢስናር ሰባ ዘጠኝ ዓመት ደፍናም አፍንጫዋ አላረጀም። ጉልበቷ ከድቷታል፣ ጆሮዋም የሚፈልገውን ብቻ መስማት ጀምሯል፤ አፍንጫዋ ግን ያው የኮረዳ ነው። ደረጃው ላይ ቆማ ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ሰዎች ለምሳ ምን እንደጣዱ፣ ፖስተኛው ሲጋራ ተውኩ ብሎ መዋሸቱን፣ የመድኃኒት ቤቷ ልጅ አዲስ ወዳጅ መያዟን ትናገራለች። አብዛኛውን ጊዜም አትሳሳትም።

«አንቺ ሴትዮ ፖሊስ ቤት መቀጠር ነበረብሽ፤» ትላታለች ፊት ለፊቷ የምትኖረው ጓደኛዋ አሱንታ። «ውሾቻቸውን በሙሉ ጡረታ ያወጧቸው ነበር።»

አሱንታ ሁለት ዓመት ትበልጣታለች። ከጣሊያን ደቡብ፣ ከካላብሪያ፣ ለጃስሚን ለቀማ ከእናቷ ጋር በባቡር የመጣች ልጅ ነበረች። ለአንድ ክረምት ብለው መጥተው የፈረንሳይ የሽቶ ከተማ በሆነችው በግራስ ቀሩ። ሁለቱ የተዋወቁትም እዚያው ማሳ ውስጥ ነው፤ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባለቀ በሰባተኛው ዓመት፣ ዩጌት በአሥራ አራት ዓመቷ ከተራራው መንደር ሥራ ፍለጋ ስትወርድ።

ጃስሚን ፀሐይ ሳይመታው ነው የሚለቀመው። ወገብ አጎንብሶ፣ በሁለት ጣት፣ አበባውን ሳያቆስሉ። አንድ ኪሎ ለመሙላት ስምንት ሺህ አበባ ያስፈልጋል። አሱንታን በፍጥነት የሚደርስባት አልነበረም። ዩጌት ግን ቀርፋፋ ነበረች፤ እያንዳንዱን እፍኝ ቅርጫት ውስጥ ከመጣሏ በፊት ታሸታለቻ! ካቦው ሊያባርራት አፋፍ ላይ ደርሶ ሳለ ነው አንድ ቀን ጠዋት ሚዛኑ አጠገብ ቆማ፣ «ያ ሦስተኛው ቅርጫት የትናንት አበባ ተደባልቆበታል» ያለችው። ሰዉ ሳቀባት። የፋብሪካው ባለቤትና ሽቶ ቀማሚው ሙሴ ቬርዶሊን በአጋጣሚ እዚያ ነበሩ። ቅርጫቱን ገለበጡት። ከሥሩ ጠርዙ የጠወለገ፣ ቡናማ ያዘ አበባ ወጣ።

«ይቺ ልጅ ማሳ ውስጥ ምን ትሠራለች?» አሉ ሙሴ ቬርዶሊን። በማግስቱ ፋብሪካ ገባች።

ቬርዶሊን ትንሽ የሽቶ ቤት ነበር፤ ሠላሳ ሠራተኛ ቢኖረው ነው። ዩጌት ሦስት ዓመት ጠርሙስ አጠበች፤ ከዚያ ወደ ሚዛን ክፍል አሳደጓት። የመዛኝ ሥራ ከላይ ሲታይ ቀላል ነው፤ በቀመሩ ወረቀት ላይ የተጻፈውን መጠን ከየጠርሙሱ እየመዘኑ ወደ ትልቁ የመዳብ ጋን መጨመር። ግን ጠርሙሶቹ ስም አልነበራቸውም። ሙሴ ቬርዶሊን ቀመራቸው እንዳይሰረቅ ፈርተው ለእያንዳንዱ ቁጥር ብቻ ሰጥተውታል። ጽጌረዳ አርባ ሁለት፣ ላቬንደር ስድስት። እነዚህን አፍንጫ ያለው ሁሉ ያውቃቸዋል። የቀሩትን ሁለት መቶ ምናምን ጠርሙሶች ግን ዩጌት በጠረናቸው እንጂ በስማቸው አታውቃቸውም ነበር። ማንም አልነገራትም፤ እሷም አልጠየቀችም።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት በሞላት መስከረም ነው ጉዱ የተፈጠረው። ቅዳሜ ማታ አደባባዩ ላይ ዳንስ ነበር፤ ሌዮፖልድ የሚባል ረጅም የአውቶቡስ ሾፌር ደግሞ አብረሽኝ ትጨፍሪያለሽ ወይ ብሎ ጠይቋት ነበር። ዩጌት እያንጎራጎረች ትመዝናለች። ወረቀቱ ከ181 አርባ ግራም ይላል። እሷ አርባ ግራሟን መዝና፣ ጋኑ ውስጥ አፍስሳ፣ ጠርሙሱን ወደ ቦታው ስትመልስ ቁጥሩን አየች። 118።

ጋኑ ውስጥ የዚያ ዓመት የነሐሴ ጃስሚን በሙሉ ነበር። ደብቃ ማለፍ አልሆነላትም፤ ቀጥ ብላ ሄዳ የሙሴ ቬርዶሊንን በር አንኳኳች።

«ሙሴ፣ አጥፍቻለሁ።»

«ምን ሰበርሽ?»

«ምንም አልሰበርኩም። ካንዱ ቁጥር ሌላውን ጨመርኩ። አርባ ግራም።»

ሰውየው ፊታቸው ወረቀት መሰለ። ወርደው የመሞከሪያውን ወረቀት ጋኑ ውስጥ ነክረው አሸተቱ። እንደገና አሸተቱ። «ሁላችሁም ውጡ፤» አሉ። «አንቺ ቅሪ።» ወደ መስኮቱ ሄዱ፣ ተመለሱ፣ አሁንም አሸተቱ። ዩጌት ለእናቷ ምን ብላ እንደምትነግራት እያሰበች ነበር፤ ድንገት ሳቅ ሰማች። ሙሴ ቬርዶሊን ሲስቁ ያየ ሠራተኛ እስከዚያ ቀን አልነበረም።

«ሁለት ዓመት!» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። «ሁለት ዓመት ሙሉ ይሄ ሽቶ አንድ ነገር ጎደለው እያልኩ እንቅልፍ አጥቼ፣ አንቺ እያንጎራጎርሽ አገኘሽው? የትኛው ጠርሙስ ነው?»

በጣቷ አሳየቻቸው።

«ከዛሬ ጀምሮ ይሄን አርባ ግራም የምትጨምሪው አንቺ ብቻ ነሽ። ለማንም አትናገሪ። ለእናትሽም፣ ለዚያ ለሾፌርሽም።»

«ለቄሱስ ሙሴ? ኑዛዜ ስገባ?»

«ለቄሱም! ኃጢአት አይደለም እኮ፤ ሽቶ ነው።»

ሽቶውን «የግንቦት አንሶላ» አሉት። እናታቸው በግንቦት የታጠበ አንሶላ የጽጌረዳው አጥር ላይ ታሰጣ ስለነበር ነው ተባለ። ስሙን የሰማ ሁሉ ይስቅ ነበር፤ ያሸተተው ግን ይገዛል። ከሊዮን እስከ ቦነስ አይረስ ድረስ ተሸጠ። ሌዮፖልድ ለመተጫጨታቸው ያመጣላት ስጦታም ያው ራሱ ሽቶ ነበር። እሷ እጇ የመዘነውን በሐር ጨርቅ ተጠቅልሎ ስትቀበል ሳቋ አምልጧት፣ ልጁ ጠርሙሱ የተሰነጠቀ መስሎት ደነገጠ። ለምን እንደሳቀች ሠላሳ ስምንት ዓመት አብረው ሲኖሩ አልነገረችውም።

ደጉ ዘመን ግን ብዙ አልቆየም። ከሩቅ አገር በርካሽ የሚመጣ ጃስሚን ገባ፣ በቤተ ሙከራ የተሠራው ጠረን ገባ። የፓሪስ ትልልቅ ቤቶች ትንንሾቹን እየገዙ ስማቸውን መሳቢያ ውስጥ ቆለፉት። ግራስ ዙሪያ ያሉት ማሳዎች አንድ በአንድ ቪላና መዋኛ ገንዳ ሆኑ። ሙሴ ቬርዶሊን ሞቱ፤ ፋብሪካው ተሸጠ፤ ጋኖቹ ለመዳባቸው ሲባል ተጭነው ሄዱ፤ ሕንፃው መኖሪያ ሆነ። ዩጌት ትምህርት ቤት ምግብ ቤት ገብታ እስከ ጡረታዋ ድረስ ለልጆች ሾርባ ስትጨልፍ ኖረች። አላማረረችም። ምስር ሊያር ሲል ከሰው ሁሉ በፊት የምታውቀው እሷ ስለነበረች የወጥ ቤቱ ሹም እንደ ዓይኑ ብሌን ነበር የሚያያት።

ከዚያ ደግሞ ጊዜው ዞረ። ወጣቶቹ አንዱ ካንዱ የማይለይ ሽቶ ሰለቻቸው መሰለኝ፣ የአያቶቻቸውን መሳቢያ ይበረብሩ ጀመር። የቅዳሜ ገበያ ላይ ግማሹ የተነነ አሮጌ ጠርሙስ ለመግዛት ይሻማሉ። የተረሱ ቤቶች ስም ተራ በተራ ከመቃብር ወጣ፤ ግራስም ውስጥ በቪላዎቹ መካከል ጽጌረዳና ጃስሚን መልሰው የሚተክሉ ልጆች ታዩ።

ሶሌን ቬርዶሊን በሩን ያንኳኳችው በዚህ ጊዜ ነው። የሙሴ ቬርዶሊን የልጅ ልጅ ናት፤ ሠላሳ አራት ዓመቷ፣ ፓሪስ ተምራ ሽቶ ቀማሚ የሆነች።

«ማዳም ኢስናር፣ ይቅርታ፣ ላስቸግርዎት ነው።»

«ግቢ ልጄ፣ ግቢ። በባቡር ነው የመጣሽው፤ ሽንኩርት የበላ ሰው አጠገብ ተቀምጠሽ።»

ሶሌን ክንዷን አሽትታ ቀላች። አሱንታ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጣ የብርቱካን አበባ ውሃ የገባበትን ጣፋጭ ዳቦ እየበላች ነበር። «አትደንግጪ፤» አለቻት፤ «እኔን በየቀኑ እንዲህ ነው የምታደርገኝ። ቁጭ በይና ብይ።»

ሶሌን ነገሩን አስረዳች። የአያቷን የቀመር ደብተር አክስቷ ቤት ጣሪያ ሥር አግኝታዋለች። ደብተሩ ውስጥ ሁሉም ነገር በቁጥር ሳይሆን በስሙ ተጽፏል። የግንቦት አንሶላን በቀመሩ መሠረት ሠርታዋለች፤ ግን የሆነ ነገር ልክ አልመጣም። ከገበያ የገዛችው አሮጌ ጠርሙስም ብርሃን መትቶት ተበላሽቷል፤ ማወዳደሪያ አይሆንም። ከቀድሞዎቹ መዛኞች በሕይወት ያለችው ደግሞ ዩጌት ብቻ ናት።

ዩጌት ሶሌን በሠራችው ሽቶ የነከረችውን ወረቀት ተቀበለች። ዓይኗን ጨፍና አሸተተች።

«ቤቱስ እሱ ነው፤» አለች በመጨረሻ። «ግን ሰው የለበትም።»

«እኔም የምለው እሱን ነው!» ሶሌን ደብተሩን ገለጠች። «ችግሩ ይሄ ይመስለኛል። ሁሉም ስም አለው፤ አንዱ ብቻ እዚህ ዳር ላይ አሽ (H) የሚል ፊደልና አርባ ግራም ተብሎ ተጽፏል። በአሽ የሚጀምሩትን አበቦች፣ ቅጠሎች፣ ሥሮች በሙሉ ሞከርኩ። አንዱም አይደለም። ያውቁታል?»

ዩጌት ፊደሏን አየቻት። የሙሴ ቬርዶሊን ቀጭን የእጅ ጽሑፍ ነው። ብድግ ብላ ወደ ዕቃ ማጠቢያው ሄደች፤ የታጠበውን ስኒ እንደገና ታጥብ ጀመር።

«እኔ ምን አውቃለሁ? መዛኝ ነበርኩ እንጂ።»

«ዩጌት፤» አለች አሱንታ።

«ምን?»

«ስትዋሺ አንገትሽ ይቀላል። አሁን እንደ ቲማቲም ሆኗል።»

«ሙቀቱ ነው!»

«የምን ሙቀት እቴ! በጥቅምት?» አሱንታ የዳቦውን ፍርፋሪ ከቀሚሷ ላይ አራግፋ ደብተሩን ወደ ራሷ ሳበችው። «አሽ። ተጽፎ የማይነበበው ፊደል። እስቲ ስምሽን ጻፊልኝ፤ ዩጌት በምንድን ነው የሚጀምረው?»

ሶሌን አንዴ ደብተሩን፣ አንዴ አሮጊቷን አየች። ዩጌት ስኒውን አስቀምጣ መጥታ ተቀመጠች፤ እርጥብ ጣቷን እንዳይነካው ተጠንቅቃ ፊደሉ አጠገብ አኖረችው።

«ስሜን ጻፉት እኮ፤» አለች። «እኔ ደግሞ ስልሳ ዓመት ሙሉ ከኔና ከሳቸው በቀር ማንም አያውቅም፣ እሳቸውም ረስተውታል ብዬ።» ሳቅም ለቅሶም የመሰለ ነገር ከጉሮሮዋ ወጣ። «ለቄሱም አትናገሪ ብለውኝ ነበር።»

«ወራሻቸው እኔ ነኝ፤ እኔ ፈቅጄልዎታለሁ!» አለች ሶሌን፤ ከወንበሯ ልትወድቅ ምንም አልቀራትም።

ነገረቻቸው። ዳንሱን፣ ማንጎራጎሩን፣ ጋኑን፣ የሙሴን ሳቅ። አሱንታ በመጀመሪያ ተቆጣች፣ «ስልሳ ዓመት! እኔ የቀዶ ጥገናዬን ጠባሳ አሳይቼሻለሁ፣ አንቺ ይሄን ደብቀሽኛል!» ከዚያ ሆዷን ይዛ እስኪያማት ሳቀች።

«ታዲያ ጠርሙሱ ውስጥ ምን ነበር?» አለች ሶሌን እስክሪብቶዋን አዘጋጅታ።

«መቶ አሥራ ስምንት።»

«ስሙ ማለቴ ነው።»

«ስሙን አልነገሩኝም። ባሸተው ግን ሞቼም አውቀዋለሁ።»

ሶሌን ከተማው ውስጥ በተከራየችው ክፍል ሦስት መቶ አርባ ጠርሙስ ደርድራለች። ዩጌት አራት ቀን ሙሉ፣ ጠዋት ጠዋት፣ አፍንጫዋ ሲደክም የራሷን የሹራብ እጅጌ እያሸተተች፣ ሁሉንም አዳረሰች። «አይደለም። አይደለም። ይሄ የጥርስ ሐኪም ነው። ይሄስ ደስ ይላል፣ ግን አይደለም።» በአራተኛው ቀን የመጨረሻው ጠርሙስ ተከደነ። አልነበረም።

«ምናልባት ትዝታው ይሆናል የሚያታልለኝ፤» አለች ዩጌት። ይሄን ስትል እንኳ አላመነችበትም። ሶሌን ግን ትከሻዋ ወርዶ ነበር። ልጅቷን ባዶ እጇን መሸኘቷ ለዩጌት ካሰበችው በላይ ከበዳት።

በሚቀጥለው እሑድ አሱንታ በግድ ይዛት ወጣች። የወንድሟ የልጅ ልጅ እዚያው አቅራቢያ ባለችው መንደር ፔጎማ ውስጥ ሙሽራ ነበር፤ ባለ ገንዳ ቪላ ተከራይተው ግቢው ውስጥ ድግስ ተደግሷል። ጥጃ ሥጋው ተበላ፣ ወይኑ ተጠጣ፣ ካላብሪያዎቹ መዝፈን ጀመሩ። ዩጌት ኬክ አፏ ልታደርስ ሹካዋን አንስታ ቀጥ አለች።

ነፋስ ነበር፤ ከገንዳው ማዶ የሚመጣ። አቧራማ፣ ሞቅ ያለ፣ ትንሽ የቆዳ፣ ትንሽ የማር፣ የሕፃን ዱቄት የመሰለ። ሹካዋን አስቀመጠች። ሰው እየገፋች፣ ገንዳውን ዞራ፣ የፓምፑን ቤት አልፋ አጥሩ ጥግ ደረሰች። እዚያ አንድ የተረሳ፣ እሾሃም፣ ግራር የመሰለ ቁጥቋጦ ቆሟል፤ ትንንሽ ቢጫ ኳስ የመሰለ አበባ አውጥቷል። ዩጌት የክት ቀሚሷን ረስታ ውስጡ ገባች።

«ዩጌት!» አሱንታ ከጠረጴዛው ጮኸች። «እዚያ ቁጥቋጦ ውስጥ ምን ትሠሪያለሽ? ሽንት ቤት እኮ ቤት ውስጥ አለ!»

«መቶ አሥራ ስምንት!» ስትል ጮኸች ዩጌት፤ ፀጉሯ ላይ ቢጫ አበባ ተሰክቶ፣ እጅጌዋ እሾህ ላይ ተይዞ። «አሱንታ! መቶ አሥራ ስምንት ነው!»

እንግዶቹ አሮጊቷ የክፍል ቁጥር የጠፋባት መሰላቸው። የሙሽራው አጎት ነው እጇን ይዞ ከእሾሁ ያላቀቃት። ስልክ ተደወለ፤ ሶሌን ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ከነሥራ ልብሷ መጣች። አበባውን እንዳሸተተች ግንባሯን በመዳፏ መታች።

«ካሲ! የድሮ ሰዎች ያለ ካሲ ሽቶ አይሠሩም ነበር። አሁን የሚጠቀምበት ስለሌለ እኔ ጋ እንኳ የለም። እንዴት አላሰብኩትም?»

ዩጌት ካሲን በስም ታውቀዋለች፤ የባሕሩ ዳር ሰዎች መሬታቸው ቪላ ከመሆኑ በፊት ያመርቱት ነበር። ተራራ ላይ ላደገች ልጅ ግን ስሙና ዛፉ፣ ዛፉና ጠርሙሱ ተገናኝተው አያውቁም ነበር። ሙዚቀኞቹ ነገሩ ሲገለጽላቸው ለመቶ አሥራ ስምንት ክብር አንድ ዘፈን መቱ፤ ሁለቱ አሮጊቶች ሶሌንን መሐል አድርገው ጨፈሩ።

ከግብፅ ትንሽ ጠርሙስ ካሲ ታዘዘ። ሲመጣ ዩጌት ክዳኑን ከፍታ አሸተተችና ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። አርባዋን ግራም ራሷ መዘነች፤ ክርኗን ጠረጴዛው ላይ አስደግፋ። ሽቶው እስኪስማማ ስድስት ሳምንት በጨለማ አስቀመጡት።

የከፈቱት ዕለት ሶሌን የተነከረውን ወረቀት ለዩጌት ሰጠቻት፤ ዩጌት ደግሞ ቀድማ ሳታሸት ለአሱንታ አሳለፈችላት። «አንቺ ቅደሚ፤» አለች። «እኔ አድልዎ ይኖርብኛል።»

አሱንታ አሸተተች። ወንበር ስባ ተቀመጠች። ዩጌት ደነገጠች።

«ምነው? አመመሽ?»

«እናቴ፤» አለች አሱንታ። «ሽቶው በወጣ ዓመት ለቀማ አልቆ፣ ጫማ ግዙ ተብለን በተሰጠን ገንዘብ ይሄን ገዛች። 'ጫማ ያልቃል' ብላ። በባዶ እግሯ ሆና አንገቷ ላይ ነክታ ሳቀች።» ወረቀቷን ደግማ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች፤ ፊቷ በርቶ ነበር። «ይኸውልሽ፣ አላለቀም።»

ዩጌት በተራዋ አሸተተች። ከኦክ ዛፍ የሚለቀመው የዛፍ ሽበት ጠረኑ ቀጥኗል፤ ሕጉ ቆዳ ያስቆጣል ብሎ እንደ ድሮው ብዙ እንዲጨመር አይፈቅድም። ያንን ሳትናገር አላለፈችም። «ትንሽ ከስቷል፤» አለች። «እኔም ግን ያኔ እንደነበርኩት አይደለሁም። ሰው ገብቶበታል፤ ይበቃል።»

በግንቦት የግንቦት አንሶላ ለገበያ ወጣ። በረንዳ የከበበው የድሮው አደባባይ ላይ ጠረጴዛ ተዘረጋ፤ ከፓሪስ ጋዜጠኞች መጡ፤ ሕዝቡም ወጣ፤ በልጅነታቸው ከዩጌት እጅ ሾርባ የጠጡ ሽማግሌ ቢጤዎች ሳይቀሩ። ሶሌን ንግግር አድርጋ ታሪኩን ስትናገር አደባባዩ በጭብጨባ ተናጋ። አንድ ወጣት ጋዜጠኛ መቅረጫውን አስጠግቶ፣ ለአዳዲስ ሽቶ ቀማሚዎች ምን ምክር አለዎት ሲል ጠየቃት።

«ጠርሙስ ከማፍሰስህ በፊት ቁጥሩን አንብብ፤» አለችው። «እኔ ሳላነብ ነው እዚህ የደረስኩት፤ ሁልጊዜ ግን አይሳካም።»

ሶሌን ቀደም ብላ ፔጎማ ያለውን ቁጥቋጦ ባለቤት አግባብታ ፍሬውን ለቅማ አብቅላው ነበር፤ የዚያኑ ወር ከቪላው በታች ጠፍ ሆኖ የቆየ እርከን ተከራይታ ችግኙን መትከል ጀመረች። ሁለቱ አሮጊቶች ወንበር ተሸክሞ የሚያወርድላቸው ሰው አግኝተው ሊያዝዙ ሄዱ።

«መቼ ነው ደህና አድርጎ የሚያብበው?» አለች አሱንታ።

«ሦስት፣ አራት ዓመት፤» አለች ሶሌን ከጉድጓዱ ቀና ብላ።

«አራት ዓመት! እኔ እኮ ሰማንያ ስድስት ልሆን ነው።»

«ታዲያ ምን ችግር አለው?» አለች ዩጌት። «ቁጭ ብለሽ ትለቅሚያለሽ። ደግሞ ያቺን ችግኝ ተመልከቺ ልጄ፤ ጠማማ ቆማለች።»

«ቀጥ ያለች ናት!»

«ጠማማ ናት አልኩሽ አሱንታ።»

«መነጽርሽን አድርጊ!»

«መነጽር ምን ያደርግልኛል? ይልቅ ወንበርሽን ወዲህ አምጪው፤ ፀሐዩ ዞሯል።»

ሶሌን ክርክራቸው እስኪያልቅ ሳትጠብቅ ችግኟን ነቅላ ትንሽ ወደ ግራ አድርጋ ተከለቻት።